በሰከንድ 50 ሰው

የቶኪዮው ሺንጁኩ ባቡር ጣቢያ ሥራ የጀመረው የካቲት 23 ቀን 1877 ዓ.ም. ነው። የዓድዋ ድል ለሚገኝበት ለዚያው የካቲት 23 ገና ድፍን 11 ዓመት ይቀረው ነበር፤ አዲስ አበባም አልተቆረቆረችም። በአውሮፓ አቆጣጠር 1885 መሆኑ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ያሉትን ቀናትና ዓመታት በዚሁ እንቁጠር። ሐዲዱን የዘረጋው የግል ኩባንያ ዋና ሐሳቡ ከሰሜን የሚመጣውን ሐር ወደ ዮኮሃማ ወደብ ማድረስ እንጂ ሰው ማመላለስ አልነበረም። ሺንጁኩም ከከተማው ዳር ያለ ጭር ያለ ማቆሚያ ነበር። መጀመሪያ ላይ ተሳፋሪው በቀን ከ50 ሰው ብዙም አይበልጥም ነበር ይባላል።

በ2007 የዚሁ ጣቢያ የቀን አማካይ 3.64 ሚሊዮን ደረሰ። ጊነስም በዓለም አንደኛ ብሎ መዘገበው። በዚያው ዓመት በአገራችን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ተካሂዶ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የተገኘው ሰው በሙሉ፣ ጨቅላውም አልጋ ላይ የዋለውም ተደምሮ፣ 2.74 ሚሊዮን ነው። ሸገር አንድ ሰው ሳታስቀር ነቅላ ብትመጣ እንኳ ለጣቢያው የአንድ ቀን ቁጥር 900 ሺህ ይጎድላታል።

ቁጥሩን ጥቂት እንመንዝረው። ባቡሮቹ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ተነሥተው በማግስቱ ሌሊት 7 ሰዓት አካባቢ ይገባሉ፤ 20 ሰዓት እንበል፣ 72,000 ሰከንድ ማለት ነው። 3.64 ሚሊዮን ለዚህ ሲካፈል በሰከንድ 50 ሰው ይደርሳል። በ1885 ቀኑን ሙሉ ተጠብቆ ይገኝ የነበረው ተሳፋሪ በ2007 የአንድ ሰከንድ ድርሻ ሆነ ማለት ነው። ይህም አማካይ ነው፤ ጠዋት ሥራ መግቢያ ላይ ያለው ግፊያ ገና አልተነገረም።

እዚህ ላይ ግን አንባቢ እንዳይታለል። ቁጥሩ የራስ ቆጠራ ሳይሆን የበር ቆጠራ ነው። ጠዋት ወርዶ ማታ የሚሳፈር አንድ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ ከአንዱ ኩባንያ ባቡር ወደ ሌላው ቢዛወር ደግሞ ከዚያም በላይ። ከአዲስ አበባ ጋር ያነጻጸርኩትም በዚህ ልክ ይቀነስለት። በሌላ በኩል የሚጎድልም አለ። በአንድ ኩባንያ መስመሮች መካከል፣ ለምሳሌ ከያማኖቴ ወደ ቹኦ የሚቀይረው ሰው፣ የትኬት በር ስለማይነካ ጭራሽ አይቆጠርም። እነዚህ ሰዎች በጣም ብዙ ናቸው። ስለዚህ 3.64 ሚሊዮን የተጋነነ ነው ለማለት አልቸኩልም።

ዳር የነበረው ማቆሚያ መሐል ከተማ የሆነው ቀስ በቀስ ነው። በ1889 ወደ ምዕራብ የሚሄደው መስመር ተጨመረ። መስከረም 1 ቀን 1923 የደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮን ሲያወድማት ሕዝቡ ይበልጥ ወደ ምዕራብ ዳርቻ ሰፈረ፤ በ1927 ኦዳክዩ የተባለው ኩባንያ መጣ፤ በ1959 የምድር ውስጥ ባቡር ደረሰ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መጨናነቁ ከልክ አለፈ፤ በ1955 ተሳፋሪውን ከኋላ እየገፉ በሩ እንዲዘጋ የሚያደርጉ ተማሪዎች በዚሁ ጣቢያ ተቀጠሩ። መግፋት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ!

ለእኛ ደግሞ ሌላ ትዝታ አለው። በጣቢያው ደቡብ በኩል ከሐዲዶቹ በላይ ኮሹ ካይዶ የሚባለው ጥንታዊ አውራ ጎዳና ያልፋል። ጥቅምት 21 ቀን 1964 አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ሊያጠልቅ 2፡12፡11 የሮጠው በዚህ ጎዳና ላይ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚያስተናግደውን ቦታ አንድ መሐንዲስ በአንድ ወረቀት ላይ ያልነደፈው መሆኑ ነው። አምስት ኩባንያዎች በየዘመናቸው እየመጡ ከላይም ከታችም ቀጣጠሉት። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ጄአር ኢስት ብቻውን ጎን ለጎን 16 ሐዲድ አለው። በቹኦ ፈጣን መስመር ጠዋት በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሰዓት 30 ያህል ባቡር፣ በየሁለት ደቂቃው አንድ፣ ይገባል። መውጫዎቹ 200 ገደማ ናቸው። እንዲህ ሆኖም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያለ ትኬት በጣቢያው መሐል የሚያሻግር፣ 25 ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ የተከፈተው ሐምሌ 19 ቀን 2020 ነው፤ ጣቢያው በተመሠረተ በ135 ዓመቱ! መዘግየቱን በጃፓኖች አልጠበቅሁትም።

የሚያሳዝነው መተላለፊያው የተከፈተው በኮሮና ወረርሽኝ መሐል፣ ሰው ከቤቱ በተሸሸገበት ወቅት መሆኑ ነው። በጄአር በኩል በቀን የሚሳፈረው ሰው በ2019 የበጀት ዓመት ወደ 775 ሺህ ነበር፤ በ2020 ወደ 477 ሺህ ወረደ። በ2022 የሁሉም ኩባንያዎች ድምር ወደ 2.7 ሚሊዮን ሆነ። ከቀድሞው ቢያንስም የአንደኝነቱን ማዕረግ የነካበት የለም።

አሁን ምዕራቡ ወገን ፈርሶ እየተሠራ ነው። የኦዳክዩ አሮጌ መደብር በ2022 ተዘግቷል፤ በቦታው 260 ሜትር ቁመት ያለው 48 ፎቅ ይነሣል። ግንባታው ሲቀጥል መንገዶቹም ይቀያየራሉ። ስለዚህ ቶኪዮ የሚወስዳችሁ ጉዳይ ካለና የሚቀበላችሁ ሰው «ሺንጁኩ ጣቢያ እንገናኝ» ካላችሁ በጄ አትበሉ። «ምሥራቅ መውጫ» ቢላችሁም ማዕከላዊ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ የሚባሉ ሌሎች መውጫዎች አሉ። የመውጫውን ሙሉ ስም በጽሑፍ አስልኩ።