ሻምበል ፓርከርና ሁለቱ ጠመንጃዎች

የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ሲነሳ አፋችን ላይ ቀድሞ የሚመጣው የጆርጅ ዋሽንግተን ስም ነው። ደም በፈሰሰበት በመጀመሪያው ሜዳ ላይ ግን ዋሽንግተን አልነበረም። እዚያ ሰዎቹን አሰልፎ የጠበቀው ጆን ፓርከር የሚባል የ45 ዓመት ገበሬ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ያዳከመው፣ የሰባት ልጆች አባት፣ ለመሞት አምስት ወር እንኳ ያልቀረው ሰው። ውጊያው አስገራሚ ነው፤ እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ቤተሰቡ ነው።

ፓርከር በ1729 (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሌክሲንግተን ውስጥ ተወለደ። ከቦስተን ብዙም የማትርቅ፣ ያኔ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ማሳቹሴትስ ውስጥ የነበረች የገበሬዎች ከተማ ናት። በ1755 ሊዲያ ሙርን አግብቶ ከከተማዋ አደባባይ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ እያረሰ፣ የእጅ ሙያም እየሠራ ይኖር ነበር።

ሻምበል ነው ስላልኩ ደመወዝተኛ መኮንን እንዳይመስላችሁ። በቅኝ ግዛቷ ሥርዓት ለአካለ መጠን የደረሰና አቅም ያለው ወንድ ሁሉ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ የራሱን ጠመንጃ ይዞ ሚሊሻ የመሆን ግዴታ ነበረበት። አዛዡን ደግሞ ራሳቸው ተሰብስበው ይመርጡታል። ስለዚህ ፓርከር የሚያዘው የገዛ ጎረቤቱን፣ የአጎቱን ልጅ፣ የሚስቱን ዘመድ ነው። የማይሆን ትእዛዝ ቢሰጥ በማግስቱ ዓይን ለዓይን የሚተያየው ከሟች ሚስት ጋር ነው። ይህን ያዙልኝ።

ሚያዝያ 19 ቀን 1775 ሌሊት፣ 700 ያህል የእንግሊዝ ወታደሮች ከቦስተን ወጥተው በሌክሲንግተን በኩል ወደ ኮንኮርድ ከተማ እየገሰገሱ መሆኑ ተሰማ፤ እዚያ የተከማቸውን የጦር መሣሪያ ሊያወድሙ ነው። ደወል ተደወለ፣ ሚሊሻው ወጣ። ቢጠብቁ የሚመጣ የለም፤ ብርዱም አይቻልም። ፓርከር ከበሮ ሲመታ እንዲመለሱ ነግሮ በተናቸው፤ ብዙዎቹ አደባባዩ ዳር ወዳለው የባክማን መጠጥ ቤት ገቡ። ሊነጋ ሲል ከበሮው ተመታ። ሜዳው ላይ የተሰለፉት 77 ያህል ነበሩ፤ ከፊታቸው የደረሰው ግንባር ቀደም ጦር ብቻ የእነሱን ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ማን ቀድሞ እንደተኮሰ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከሚሊሻው ወገን 8 ሰዎች ሞቱ።

ከስምንቱ አንዱ የሻምበሉ የአጎት ልጅ ጆናስ ፓርከር ነው። የዚያን ዘመን ጠመንጃ ከአፈሙዙ ስለሚጎረስ ጊዜ ይፈጃል። ጆናስም ባርኔጣውን እግሩ ሥር አስቀምጦ ጥይቱንና ባልጩቱን እዚያ ውስጥ ጨመረ፤ ከዚያ ቦታ አልነቃነቅም ማለቱ ነው። ተመትቶ ወደቀ፤ ወድቆም መልሶ ሊያጎርስ ሲታገል በሳንጃ ወግተው ጨረሱት። ይህን ሻምበሉ በዓይኑ አየ። ከሰዓት በኋላ የተረፉትን ሰብስቦ በከተማዋ ድንበር ላይ ድንጋያማ ኮረብታ ያዘና ከኮንኮርድ የሚመለሰውን ጦር ጠብቆ ተኮሰበት። ቦታው ዛሬም «የፓርከር በቀል» ይባላል፤ አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው የዚያን ቀን ጥይቶች አግኝተውበታል።

ቤት ውስጥስ? ቤተሰቡ ሲያወራው የኖረው እንዲህ ነው፦ ሊዲያ ዋጋ ያለውን ዕቃ ሁሉ ሰብስባ ክፍት ግንድ ውስጥ ደበቀች፤ የ14 ዓመት ልጇን ጆንን ደግሞ ወታደሮቹ መምጣት አለመምጣታቸውን እንዲያይ ወደ ኮረብታው ላከችው። ይህን ልጅ አትርሱት።

አሁን ወደሚጣፍጠው ክፍል ደረስን። ሌክሲንግተን አደባባይ ላይ የፓርከር ቃል የተቀረጸበት ድንጋይ አለ፤ ቦታችሁን አትልቀቁ፣ ካልተተኮሰባችሁ አትተኩሱ፣ ጦርነት ከፈለጉ ግን እዚሁ ይጀመር የሚል መልእክት ነው። ከስድስት ቀን በኋላ ፓርከር ራሱ በመሐላ የሰጠው ቃል ግን ሌላ ነው። የተሰበሰብነው ለመመካከር ነበር፣ ካልነኩን ላንነካቸው ተስማማን፣ ድንገት ሲደርሱ እንዲበተኑና እንዳይተኩሱ አዘዝኩ ይላል። ታዲያ የድንጋዩ ቃል ከየት መጣ? ከቤተሰቡ ነው። በ1822 ውጊያው በትዕይንት ሲታይ የፓርከር የድሮ ሃምሳ አለቃ እነዚያን ቃላት ተናግሮ፣ ሻምበሉ ያለው ይህንኑ ነው ብሎ መሰከረ፤ የሻምበሉ የልጅ ልጅም ለታሪክ ጸሐፊው ባንክሮፍት በደብዳቤ አስተላለፈው። እኔ ለመሐላው ቃል አደላለሁ፤ ጎረቤቶቹን ከሚያዝ ሰው የሚጠበቀውም እሱ ነው። ያም ቃል ቢሆን ጥፋቱ የእንግሊዞች መሆኑን ለማሳየት ወደ ለንደን እንዲላክ የተሰበሰበ ነውና፣ ፍጹም ንጹሕ ምስክርነት ነው አልልም።

ፓርከርን በዚያው በ1775 መስከረም 17 ቀን በሽታው ገደለው። አደባባዩ ላይ ያለው የነሐስ ሐውልት እሱ ነው ብለው ያሳዩዋችሁ ይሆናል፤ መልኩን የሚያሳይ ሥዕል ግን አልቀረም።

ኮረብታው ላይ የወጣው ልጅ ጆን አድጎ በዚያው እርሻ 11 ልጆች ወለደ። የመጨረሻው በ1810 የተወለደው ቴዎዶር ፓርከር ነው፤ አያቱ ሊዲያ በእርጅናዋ እዚያው ቤት ትኖር ስለነበር ያሳደገው የእሷ ወሬ ጭምር ነው። ቴዎዶር በቦስተን ስመ ጥር ሰባኪና የባርነት ብርቱ ጠላት ሆነ። በ1850 ያመለጡ ባሪያዎችን ለጌቶቻቸው አሳልፎ የሚሰጥ ሕግ ሲወጣ፣ ከጆርጂያ ያመለጠችውን ኤለን ክራፍትን ቤቱ ሸሸጋት። ስብከቱን የሚጽፈው ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ አጠገቡ አስቀምጦ ነበር። ለፕሬዚዳንት ፊልሞር በጻፈው ደብዳቤም የአያቴ ጠመንጃና በዚያን ቀን የማረከው የእንግሊዝ ጠመንጃ ከጎኔ ተሰቅለዋል፣ ምእመናኔን ከባርነት ካላዳንኩ እነዚህን መጣል አለብኝ አለ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ሰው ሊዘነጋ አይገባም። በ1775 ከሻምበሉ ሰዎች መካከል ፕሪንስ ኤስታብሩክ የሚባል ጥቁር ባሪያ ነበር፤ ያን ማለዳ ትከሻው ላይ ቆሰለ። ነጻ የወጣው በኋላ ነው። የቴዎዶር ሙግት ከአያቱ ሰልፍ ውስጥ ጀምሮ ነበር ማለት ነው።

ቴዎዶር በ1860 ፍሎረንስ ውስጥ ሲሞት ሁለቱን ጠመንጃዎች ለማሳቹሴትስ ተናዘዘ። በ1861 መጀመሪያ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሊፈነዳ ሲል፣ አገረ ገዥው ጆን አንድሩ ሲረከባቸው አንዱን ሳመው። ዛሬ ቦስተን በሚገኘው የግዛቱ ምክር ቤት፣ ሴኔቱ አዳራሽ ውስጥ ተሰቅለዋል። ቦስተንና ካምብሪጅ ያላችሁ ወዳጆች፣ በሥራ ቀን ጎራ ብላችሁ እዩልኝ።