«ፕሪቴንድ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ምንጭና ትርጓሜ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ፕሪቴንድ» የሚባል ግስ አለ። ተማሪዎች ትርጓሜውን ሲጠየቁ «ማስመሰል» ብለው ይመልሳሉ፤ ይህም ለዛሬው አነጋገር የቀና ነው። ሳይታመም የታመመ፣ ሳያውቅ ያወቀ መስሎ የሚታይ ሰው ሥራው በዚህ ቃል ይነገራል። ነገር ግን የቃሉን ምንጭ ሳይመረምሩ የቀድሞ መጻሕፍትን መተርጐም በሰው ላይ ሐሰት ያናግራል።

ቃሉ የወጣው ከሮማይስጥ ማለት ከላቲን ቋንቋ ነው። በዚያ ቋንቋ «ፕራይ» ማለት በፊት፣ «ቴንደሬ» ማለት መዘርጋት ወይም መወጠር ነው፤ ድንኳን በእንግሊዝኛ «ቴንት» መባሉም ከዚሁ ከመወጠር የተነሣ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ «ከፊት መዘርጋት» ይሆናሉ። በሰው ፊት የሚዘረጋውም ነገር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው እውነቱን የሚሸፍን መጋረጃ፣ ሁለተኛው «ይህ ይገባኛል» ተብሎ የሚቀርብ አቤቱታ። እንግሊዞች ቃሉን በ14ኛው መቶ ዓመት ሲቀበሉ አቤቱታው የጐላ ነበር፤ ዛሬ ግን መጋረጃው በልጦታል። በፈረንሳይኛ የይገባኛል ትርጓሜው እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል።

ለዚህም የእንግሊዝ ታሪክ ምስክር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1688 ዓ.ም. ንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ ከዙፋኑ ወረደ። በስደት ያደገው ልጁ ጄምስ ፍራንሲስ ኤድዋርድ የአባቱን ዙፋን ስለ ጠየቀ «ፕሪቴንደር» ተባለ። በ1745 ስለዚሁ ዙፋን ጦር አንሥቶ በ1746 በከሎደን ድል የሆነው የልጅ ልጁ ቻርልስም «ወጣቱ ፕሪቴንደር» ይባላል። ይህ ስም «ዙፋኑ ይገባኛል ባይ» ማለት ነው እንጂ «አስመሳይ» ማለት አይደለም። ሆኖም ጄምስ ፍራንሲስ ሲወለድ ጠላቶቹ «ሕፃኑ የንግሥቲቱ ልጅ አይደለም፤ በአልጋ ማሞቂያ ዕቃ ተደብቆ ወደ እልፍኝ የገባ ነው» የሚል ወሬ ነዝተው ነበርና፣ ቃሉ ሁለት አፍ እንዳለው ሰይፍ አገለገላቸው።

የእኛ «ማስመሰል» የተገኘው «መሰለ» ከሚለው ግስ ነው፤ ምስልና ምሳሌም ዘመዶቹ ናቸው። በውስጡ የይገባኛል አሳብ ፈጽሞ የለበትም። ስለዚህ መምህራን ይህ ቃል በታሪክ ወይም በሕግ መጽሐፍ ሲገጥማቸው አስቀድመው «ሰውየው ይሸፍናል ወይስ ይጠይቃል?» ብለው ይመርምሩ። አስተዋይ ሽማግሌ «ርስቱ ይገባኛል» ብሎ የቀረበውን ሰው ማስረጃውን ሳይሰማ ሐሰተኛ አይለውም፤ ተርጓሚም እንዲሁ ሊያደርግ ይገባዋል።