የተራራ ከተሞች መንገድ በአመዳይ ወራት፤ መኪና የማቆም ክልከላና የነጋዴው ጥቅም

ለንግድ ሥራ ከሚያስፈልጉት ነገሮች መካከል ነጋዴው ዋጋውን ሳያስብ ዕለት ዕለት የሚገለገልበት መንገድ ነው። ዕቃ ከመጋዘን ወደ ሱቅ የሚደርሰው፣ ገዢም ከቤቱ ወደ ገበያ የሚመጣው በመንገድ ስለ ሆነ፣ መንገድ የተዘጋ ዕለት ሱቁ ተከፍቶ ቢውልም እንደ ተዘጋ ይቈጠራል። ይህ ነገር ጐልቶ የሚታየው በብርድ ወራት አመዳይ በሚወርድባቸው የተራራ ከተሞች ነው። የነዚህ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች በወራቱ መኪና በመንገድ ዳር ማቆምን በጥብቅ ይከለክላሉ። ደንቡ ላይ ላዩን ሲታይ በባለሱቁ ላይ የተጫነ ቀንበር ይመስላል፤ ደንበኛው መኪናውን በደጃፉ እንዳያቆም ያግዳልና። አሠራሩ ሲመረመር ግን ከማንም በፊት የሚጠቀመው ባለሱቁ ራሱ መሆኑ ይገለጣል። ይህም የሚሆነው ማዘጋጃ ቤቱ በበኩሉ ግዴታውን የፈጸመ እንደ ሆነ ነው።

የአመዳይ ጠባይ

በኢትዮጵያ በክረምት ከዝናብ ጋር የሚወርደው በረዶ ጠጣር ፍሬ ነው፤ ጣራ ይደበድባል፣ ሰብል ያጠፋል፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላም ቀልጦ ይሄዳል። አመዳይ ግን እንደ ተባዘተ ጥጥ በዝግታ ይወርዳል። አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ከቈየም ሳይቀልጥ ሌላ እየተደረበበት ለወራት ይከማቻል። ወራቱም በኢትዮጵያ በጋ የሚሆንበት ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ነው።

ይህ ነገር በከፍታ ብቻ የሚመጣ አይደለም። በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት የምትገኘው የሲልቨርተን ከተማ ከፍታዋ 2,840 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ደብረ ብርሃንም በከፍታ ከርሷ እምብዛም አትለይም። ሆኖም ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስትሆን ሲልቨርተን ከ37 ዲግሪ በላይ ርቃ ትገኛለች። ስለዚህ በአንደኛዋ በብርድ ወራት ውርጭ ብቻ ሲታይ፣ በሁለተኛዋ መንገዱም ጣራውም በአመዳይ ይሸፈናል።

አዲስ የወረደ አመዳይ ቀላል ነው፤ አንዱ ሜትር ኩብ በአብዛኛው ከ50 እስከ 100 ኪሎ ይመዝናል። ከሰነበተና ከተጠቀጠቀ በኋላ ግን 300 ኪሎና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ርዝመቱ 100 ሜትር፣ ስፋቱ 10 ሜትር በሆነ መንገድ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር አመዳይ ቢወርድ 300 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንዱ ሜትር ኩብ 100 ኪሎ ቢመዝን፣ በአንድ ሌሊት በአንድ አጭር መንገድ ላይ 300 ኩንታል ሸክም ወረደ ማለት ነው። ይህን የሚያነሣ ሠራተኛ፣ የሚያመላልስ ካሚዮንና የሚደፋበት ሜዳ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ከከተማው ግብር የሚከፈል ነው።

የቆመ መኪና መንገዱን እንዴት እንደሚያጠብ

መንገድ የሚጠረገው በፊቱ ሰፊ የብረት ማረሻ በተገጠመለት ካሚዮን ነው። ማረሻው አመዳዩን ከመካከል ወደ ጠርዝ እየገፋ ያልፋል። መኪናዎች በመንገዱ ዳር ቆመው ከሆነ ግን ጠርዙ ድረስ ሊደርስ ስለማይችል፣ የተገፋው ሁሉ በመኪናዎቹ ጐን ይከመራል።

ለምሳሌ ስፋቱ 11 ሜትር የሆነ መንገድ ይወሰድ። ግራና ቀኝ የቆሙት መኪናዎች በየወገናቸው 2.2 ሜትር ሲይዙ ለተላላፊው የሚቀረው 6.6 ሜትር ነው። ከመጀመሪያው አመዳይ በኋላ ክምሩ በየወገኑ 1 ሜትር ቢይዝ 4.6 ሜትር ይቀራል። ሁለተኛው አመዳይ በየወገኑ ግማሽ ሜትር ቢጨምርበት መንገዱ ወደ 3.6 ሜትር ይወርዳል፤ በዚህም ሁለት ካሚዮኖች ጐን ለጐን መተላለፍ አይችሉም። በአሜሪካ በብዙ ስፍራ የሚሠራበት የእሳት አደጋ ደንብ ለእሳት ማጥፊያ መኪና የሚተወው መተላለፊያ ከ6 ሜትር እንዳያንስ ያዛል። እንግዲህ በዚህ ምሳሌ ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ በመንገዱ ዳር ያሉት ሱቆች እሳት ቢነሣ በቶሎ የሚደርስላቸው አጥተዋል ማለት ነው።

ክምሩ እንዳለ ቢቀመጥ ጉዳቱ ይብሳል። ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ላዩ ይቀልጣል፤ ሌሊት ተመልሶ ይረጋል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ማረሻ የማይገፋው እንደ ድንጋይ የጠነከረ ግድግዳ ይሆናል። የገበታ ጨው በረዶን የሚያቀልጥ ቢሆንም ብርዱ ከዜሮ በታች ወደ 9 ዲግሪ ሲደርስ ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ በብርዳማ የተራራ ከተሞች መንሸራተትን ለመቀነስ አሸዋ ይበተናል፣ ወይም በበለጠ ብርድ የሚሠራ ሌላ ዐይነት ጨው ይረጫል። የረጋውን ክምር ለማንሣት ግን ሎደርና ካሚዮን ከመቅጠር በቀር ሌላ መንገድ የለም። በመጀመሪያው ሌሊት በአንድ ማረሻ ምልልስ የሚያልቀው ሥራ ከሳምንት በኋላ ብዙ እጥፍ ወጪ ይጠይቃል።

አንድ ብቻ የቆመ መኪናም ቢሆን ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ጠራጊው እርሱን ለመሸሽ ወደ መካከል ሲታጠፍ ከመኪናው ፊትና ኋላ ያለውን ሳይጠርግ ያልፋል። ባለመኪናው በማለዳ መኪናውን አስነሥቶ ሲሄድ በስፍራው የሚቀረው ክምር የጐረቤቱን ደጃፍ እስከ ወራቱ መጨረሻ ሊዘጋ ይችላል።

የክልከላው ዐይነቶች

ማዘጋጃ ቤቶች የሚያወጡት ክልከላ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው በወራትና በሰዓት የተወሰነ ነው። ቺካጎ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ብትሆንም ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ትሆናለች፤ በዚያ በዋና ዋናዎቹ ጐዳናዎች ከዲሴምበር 1 ቀን እስከ ኤፕሪል 1 ቀን፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ጧቱ 1 ሰዓት፣ አመዳይ ወረደም አልወረደ መኪና ማቆም ክልክል ነው። የዚህ ደንብ ጥቅሙ ሁሉም ሰው አስቀድሞ የሚያውቀው መሆኑ ነው። ጉድለቱ ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ በሚያድርበት ሌሊትም ማስቸገሩ ነው።

ሁለተኛው በቀን ቍጥር የሚፈራረቅ ነው። በኮሎራዶ በክረስትድ ቢዩት ከተማ እንደሚደረገው፣ የወሩ ቀን ጐዶሎ በሆነ ጊዜ በአንዱ ወገን፣ ሙሉ በሆነ ጊዜ በሌላው ወገን እንዲቆም ይደረጋል። በዚህ ዐይነት ጠራጊው በየተራ ወደ ሁለቱም ጠርዞች ይደርሳል፤ ባለመኪናዎችም ፈጽሞ ማቆሚያ አያጡም።

ሦስተኛው አመዳዩ ሲከብድ ብቻ በማስታወቂያ የሚታወጅ ነው። ይህ በተራ ቀን ማንንም አያስቸግርም። ይሁን እንጂ እንግዳ ሰው ማስታወቂያውን ላይሰማ ስለሚችል ብዙ መኪና ይያዛል። በሦስቱም ደንቦች የተላለፈ ሰው መቀጫ ይከፍላል፤ መኪናውም ሊጐተትበት ይችላል፣ የጐታቹንና የማቆያውን ኪራይ የሚከፍለውም ራሱ ባለቤቱ ነው።

የባለሱቆች አቤቱታ

በተራራ ከተሞች የሚነግዱ ሰዎች ስለዚህ ደንብ የሚያሰሙት ቅሬታ መሠረት የሌለው አይደለም። እንደ ቬይል ያሉት የኮሎራዶ ከተሞች የተመሠረቱት በአመዳይ ላይ ለመንሸራተት በሚመጣው እንግዳ ነው፤ ቬይል በ1962 (በአውሮፓ አቆጣጠር፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) የተከፈተችው ለዚሁ ሥራ ነበር። ለባለሆቴሉና ለባለሱቁ የብርድ ወራት የመከር ጊዜ ነው። እንግዳው ምሽት ደርሶ፣ እራቱን በልቶ፣ መኪናውን በመንገድ ዳር ትቶ ቢያድርና በማለዳ ተጐትቶ ቢያጣው ቂሙን የሚይዘው በማዘጋጃ ቤቱ ላይ ብቻ አይደለም፤ ለከተማው ሁሉ ጭምር ነው።

መፍትሔው ክልከላውን ማንሣት ሳይሆን ከክልከላው ጋር ምትክ ስፍራ መስጠት ነው። ጥሩ አሠራር ያለው ማዘጋጃ ቤት ክልከላውን ሱቆች በተዘጉበት የሌሊት ሰዓት ይወስነዋል፤ የሕዝብ መኪና ማቆሚያዎችን አስቀድሞ ይጠርጋል፤ የንግዱን ጐዳናም ሱቆች ከመከፈታቸው በፊት ያዳርሳል። ባለሱቁም በፈንታው ደጃፉን ይጠርጋል፣ የጠረገውንም ተመልሶ ወደ መንገድ አይጥልም፤ በብዙ ከተሞች ይህን ማድረግ ራሱ ያስቀጣልና።

ምትክ ያልተሰጠበት ክልከላ ምን እንደሚያስከትል ቺካጎ በ1979 አሳይታለች። በጃንዋሪ ወር ታላቅ አመዳይ በወረደ ጊዜ ከንቲባው ማይክል ቢላንዲክ ነዋሪዎች መኪናቸውን ከመንገድ አንሥተው በትምህርት ቤቶች ግቢ እንዲያቆሙ አሳሰቡ። ሰዎች ግቢዎቹ ዘንድ ሲደርሱ ብዙዎቹ ሳይጠረጉ አገኙአቸው። በሚቀጥለው ወር በተደረገው የፓርቲ ምርጫ ከንቲባው በጄን በርን ተሸነፉ፤ ለሽንፈታቸውም ዋና ምክንያት ተደርጎ የሚጠቀሰው የዚያ አመዳይ አያያዝ ነው።

የ1923 ሳይሆን የዛሬ ጉዳይ፤ የክረስትላይን ምሳሌ

ጉዳዩ ያለፈ ዘመን ታሪክ አለመሆኑን በፌብሩዋሪና በማርች 2023 ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ በሳን በርናርዲኖ ተራሮች የደረሰው ያስረዳል። በነዚያ መንደሮች በየዓመቱ አመዳይ ይወርዳል፤ ጠራጊ መኪናዎችም አሉ። በዚያን ጊዜ ግን በአንዳንድ ስፍራ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ወረደ። መኪናዎቹ የተዘጋጁት ለተለመደው ልክ ነበርና መግፋት አቃታቸው፤ በሎደርና አመዳዩን እየመጠጠ በሚወረውር መኪና መሥራት ግድ ሆነ። ሥራውን ካዘገዩት ነገሮችም አንዱ በየመንገዱ ቀርተው በአመዳይ የተቀበሩት መኪናዎች ነበሩ። ሠራተኛው ከነጩ ክምር ሥር ምን እንዳለ ስለማያውቅ በጥንቃቄ እየፈተሸ መሄድ ነበረበት። ማርች 1 ቀን የካሊፎርኒያ አስተዳዳሪ ለ13 አውራጃዎች የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ፤ ከነዋሪዎቹም ከሳምንት በላይ ከቤታቸው መውጣት ያልቻሉ ነበሩ።

በነዚያው ቀናት ክረስትላይን በምትባለው መንደር የዋናው የምግብ መደብር ጣራ ከክብደቱ የተነሣ ተደረመሰ። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ 2 ሜትር ከፍታ ያለውና አንዱ ሜትር ኩብ 250 ኪሎ የሚመዝን አመዳይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 5 ኩንታል ይጭናል። የመደብሩ መጥፋት ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለመንደሩ ሁሉ ጉዳት ሆነ፤ መንገዱ ተዘግቶ ወደ ሌላ ገበያ መሄድ በማይቻልበት ጊዜ ደርሷልና።

ለአስመጪውና ለላኪው የሚጠቅም ማሳሰቢያ

ይህ ሁሉ ከባሕር ማዶ ጋር ለሚነግድ ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም። ከዴንቨር ወደ ተራራ ከተሞች የሚወጣው ኢንተርስቴት 70 የተባለው አውራ ጐዳና በ1973 በተከፈተውና ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ በሆነው በአይዘንሃወር ዋሻ ያልፋል። በዚህ ጐዳና በተራራው ክፍል የሚጓዝ የጭነት ካሚዮን ከሴፕቴምበር 1 ቀን እስከ ሜይ 31 ቀን ለጐማው የሚሆን ሰንሰለት ይዞ መገኘት አለበት። ሰንሰለት ባለማሰሩ መንገድ የዘጋ ደግሞ የበለጠ ይቀጣል። በአሜሪካ በጭነት ማመላለስ ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ስለ ሆኑ ደንቡ እነርሱንም የሚመለከት ነው።

ስለዚህ በብርድ ወራት ወደ እንዲህ ያለ ስፍራ ዕቃ የሚልክ ነጋዴ በውሉ ላይ ሦስት ነገሮችን ቢያስገባ ከክርክር ይድናል። አንደኛው፣ መንገድ በመዘጋቱ ምክንያት ለሚደርሰው መዘግየት ኪሳራውን የሚሸከመው ማን እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው፣ በተቀባዩ መንገድ ካሚዮን ቆሞ ማራገፍ የሚፈቀድበት ሰዓት ነው። ሦስተኛው፣ ዕቃው በካሚዮን ላይ ቢያድር የሚጠበቅበት ሁኔታ ነው። ውሃ ሲረጋ መጠኑ ወደ 9 በመቶ ይጨምራል፤ በጠርሙስ የታሸገ መጠጥ በአንድ ሌሊት ሊሰነጠቅ፣ አበባም ሊበላሽ ይችላል።

በመንገድ ዳር የሚገኘው ስፍራ የአንድ መኪና ወይም የአንድ ሱቅ ንብረት አይደለም። ለአንድ ሌሊት የሚለቀቀው 2 ሜትር ስፋት በማግሥቱ ለጐዳናው ሁሉ ገበያ ይከፍታል። ማዘጋጃ ቤቱ ምትክ ስፍራ ሲያዘጋጅ፣ ባለሱቁም ደንበኛውን ስለ ደንቡ በጊዜ ሲነግር፣ ወጪው ለሁሉም ይቀላል። አመዳይ በማይወርድበት አገር የሚነግድም ቢሆን፣ ከሱቁ ፊት ለፊት ቀኑን ሙሉ የሚቆመው የራሱ መኪና የስንት ገዢ ስፍራ እንደሚይዝ ቢያሰላ ይጠቀማል።