አዲስ ጎጆና የበልግ ጓሮ

በደጋና በወይና ደጋ አገር ብዙው ሠርግ የሚደገሰው በጥር ወር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ነው። ስለዚህም የዳሱ ጭፈራ አልፎ፣ የመልሱ ግብዣ ተፈጽሞ፣ ባልና ሚስት በራሳቸው ጎጆ ኑሮ በሚጀምሩበት ጊዜ የበልግ ዝናም ይደርሳል። የጥንቱ አቆጣጠር ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን ወራት ጸደይ ብሎ ይጠራዋል፤ ገበሬው ደግሞ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለውን ዝናም በልግ ይለዋል። ለአዲስ ቤተ ሰብ ይህ ወቅት የጓሮ አትክልት ለመጀመር የተመቸ ነው። ይሁን እንጂ በመጋቢት በደስታ ተቆፍሮ በግንቦት አረም የዋጠው ጓሮ በየመንደሩ ይታያል። ለዚህ ምክንያቱ ሁልጊዜ የመሬቱ ክፋት ወይም የዘሩ ድካም አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ጓሮው ከቤቱ ውሃና ከሁለቱ ሰዎች ጉልበት በላይ ሰፍቶ በመጀመሩ ነው።

ለምሳሌ ያህል በደቡብ ወሎ፣ በአንዲት አነስተኛ ከተማ ዳር ጎጆ የወጡ ወጣት ባልና ሚስት ይታሰቡ። ባልየው አስተማሪ ነው፤ ሚስቲቱ በሱቅ ሒሳብ ትይዛለች። ባልየው በሁለት ቅዳሜ 40 ካሬ ሜትር ያህል ቆፈረ፤ ሁለቱም በደስታ ዘሩ። በሦስተኛው ሳምንት ዝናሙ ተቋረጠ። ቡቃያው እንዳይጠወልግ ውሃ ከቧንቧ በጀሪካን መቅዳት ግድ ሆነ፤ ውሃ መቅዳት የሴት ሥራ ነው ተብሎ የቆየ በመሆኑም ሸክሙ ሳይነጋገሩበት በሚስቲቱ ትከሻ ላይ ወደቀ። እርስዋም ጥቂት ቀን ታግሣ ተወችው። ባልየው ድካሙ ከንቱ መቅረቱን አይቶ ተቆጣ፤ እርስዋም ተቀየመች። ሰላጣው ደረቀ፤ ከሰላጣው ይልቅ ግን የከፋው በመካከላቸው የገባው ቅሬታ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር አስቀድሞ በጥቂት ስሌት ሊወገድ ይችላል።

ውሃን አስቀድሞ ስለ መለካት

ዝናም በሌለበት ወራት አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። እንግዲህ 40 ካሬ ሜትር የሆነ ጓሮ ከ160 እስከ 200 ሊትር ይጠጣል ማለት ነው፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ8 እስከ 10 ጊዜ መሸከም ነው። አንዱ ሙሉ ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል። ጓሮው 10 ካሬ ሜትር ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ግን ሁለት ወይም ሁለት ተኩል ጀሪካን ይበቃዋል። ስለዚህ ጀማሪዎች እያንዳንዱ ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ ሁለት መደብ ቢያዘጋጁ ይበጃቸዋል።

ቤቱ የቆርቆሮ ክዳን ካለው ሸክሙን የሚያቃልል ሌላ መንገድ አለ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናም 1 ሊትር ውሃ ነው። 30 ካሬ ሜትር በሆነ ክዳን ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናም ቢዘንብ 300 ሊትር ይሆናል፤ የሚፈስሰውና የሚተነው ቢቀነስለትም በአሸንዳ ተቀብሎ ባለ 200 ሊትር በርሜል ለመሙላት ይበቃል። ይህም ባለ 10 ካሬ ሜትሩን ጓሮ ከአራት ቀን ያላነሰ ያጠጣል። የመጀመሪያው ውሃ የክዳኑን አቧራ ይዞ ስለሚወርድ ይደፋል። በርሜሉ ቀድሞ መርዝ ወይም ኬሚካል ያልተያዘበት መሆን አለበት፤ ትንኝ እንዳይራባበትና ሕፃን እንዳይገባበትም በደንብ ይከደናል።

በልግ የማይታመን ዝናም ነው። በ2007 ዓ.ም. በልጉ በብዙ ስፍራ ደካማ ሆኖ ክረምቱም ሳይሞላ እንደ ቀረ የሚታወስ ነው። ስለዚህ ጓሮው የሚለካው በዝናሙ ተስፋ ሳይሆን ዝናሙ በቀረ ጊዜ ሊቀዳ በሚቻለው ውሃ ነው።

ምን ይተከል

ዘር ከመግዛት በፊት አንድ ደብተር መግዛት ይቀድማል። ባልና ሚስቱ ለአንድ ወር ያህል ከጉሊት የገዙትን አትክልት ሁሉ ከነዋጋው ይጻፉ። በወሩ መጨረሻ የትኛው ደጋግሞ እንደ ተገዛና የትኛው ቶሎ ጠውልጎ እንደ ተጣለ ይታያል። በጠባብ ጓሮ ሊተከል የሚገባው ደጋግሞ የሚገዛው፣ ቶሎ የሚጠወልገውና በጥቂት በጥቂቱ የሚቀነጠሰው ነው። የሐበሻ ጎመንና ቆስጣ ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ የውጭ ቅጠላቸው እየተቀነጠሰ መካከሉ ከተተወ ለብዙ ሳምንታት ይመገባሉ። ሰላጣ በሁለት ወር ገደማ ይደርሳል፤ ቀይ ሥር ከዚያ ጥቂት ይዘገያል፤ ካሮት ወደ ሦስት ወር ይጠጋል። ድንችና ቀይ ሽንኩርት ከገበያ ተገዝተው ሊቀመጡ ስለሚችሉ ሰፊ ቦታ ለሌለው ሰው አይቸኮልባቸውም። በመደቡ ዳር ጤና አዳም፣ በሶብላና ኮሰረት ቢተከሉ ቡናውም ቅቤውም መዓዛ ያገኛል።

በመጋቢት የተዘራ ጓሮ ለዚያው ዓመት ዐቢይ ጾም አይደርስም። ለሰኔ ጾምና ለፍልሰታ ግን ይደርሳል፤ ለማይጾመውም ሆነ ለሙስሊሙ ጎረቤት ጎመን በየዕለቱ ገበታ የሚፈለግ ነው።

ስለ መደቡ አሠራር

የሠርግ ዳስ የተተከለበት ቦታ ብዙ እግር ስለ ረገጠው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ሌላ ስፍራ ካለ እርሱን መተው ይሻላል። መደቡ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፈራል፤ ወርዱ ከ1 ሜትር ብዙ ያልበለጠ የሚሆነው ከሁለቱም ወገን እጅ እንዲደርስበትና አፈሩ እንዳይረገጥ ነው። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ፍግ ይቀላቀልበታል። ፍጉ ቢያንስ ሦስት ወር ተከምሮ በደንብ የበሰበሰ መሆን አለበት፤ ጥሬ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል፣ የአረም ዘር ያመጣል፣ ጥሬውን በሚበላ ሰላጣ ላይም በሽታ ያስከትላል። የምድጃ አመድ በጥቂቱ ቢበተን ይጠቅማል፤ ብዙ ከሆነ ግን አፈሩን ያበላሻል። የአትክልት ልጣጭና የቡና አተላ ከደረቅ ቅጠል ጋር በጉድጓድ ቢከማች ለሚመጣው ዓመት ብስባሽ ይሆናል።

ካሮትና ቀይ ሥር በቦታቸው ይዘራሉ፤ ካሮት ተነቅሎ ቢተከል ሥሩ ይጣመማል። የካሮት ዘር ለመብቀል ሁለት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል ቶሎ አልወጣም ተብሎ ተስፋ አይቆረጥበትም። ከበቀለ በኋላ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ እንዲቆም ይሳሳል። ቆስጣ በየ30፣ ጎመን በየ40 ሳንቲ ሜትር ይተከላል። ጀማሪ ሰው የበቀለውን መንቀል ያሳዝነዋል፤ ነገር ግን ያልሳሳ ካሮት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ውሃ የሚጠጣው ማለዳ ወይም ማምሻ ላይ ነው፤ ይኸውም ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ አይደለም። በተክሎቹ መካከል ደረቅ ሣር ቢጎዘጎዝ አፈሩ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ አረምም ይቀንሳል። ሰኔ ሲገባ ደግሞ የክረምቱ ዝናም ሥሩን እንዳያበሰብሰው መደቡ ከፍ ይደረጋል፤ የውሃ መውረጃም ይቀደድለታል።

ስለ ተባይ

የጠባብ ጓሮ የመጀመሪያ ጠላት የጎረቤት ዶሮ ናት፤ መድኃኒትዋም አጥር ነው። ሌሊት ቡቃያ የሚቆርጠውን ትል ማለዳ በተቆረጠው ተክል ሥር አፈሩን ጫር ጫር በማድረግ አግኝቶ መግደል ይቻላል። በጎመን ቅጠል ሥር የሚሰፍረውን ክሽክሽ ደግሞ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ መርጨት ይቀንሰዋል። ስሙ ባልተጻፈበት ጠርሙስ የሚሸጥ መርዝ ግን ወደ ቤት ጓሮ መግባት የለበትም። ዲዲቲ ቀድሞ በእርሻ ላይ በሰፊው ይረጭ ነበር፤ በ2001 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት መሠረት ግን አገልግሎቱ እንደ ወባ ያሉትን በሽታዎች የሚያስተላልፉ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ ተወስኗል። ነገ በገበታ ላይ በሚቀርብ ቅጠል ላይ ዛሬ መርዝ አይረጭም።

ከጓሮ ወደ ገበታ

አዲስ ጎጆ የወጣች ሴት ብዙ ጊዜ በቅርብ ትፀንሳለች። የሕፃኑ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር መሠረት የሚጣለው በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ገደማ፣ ይኸውም እናቲቱ መፀነስዋን ሳታውቅ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ፎሌት የሚባለው ንጥረ ነገር እንደ ጎመንና ቆስጣ ባሉ ቅጠላ ቅጠሎች ይገኛል። ይሁን እንጂ ቅጠሉ ብቻውን ስለማይበቃ የዓለም ጤና ድርጅት ልጅ የምታስብ ሴት ከመፀነስዋ በፊት ጀምሮ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ ይመክራል፤ ስለዚህ ባልና ሚስት አስቀድመው ጤና ጣቢያ ሄደው ቢመካከሩ መልካም ነው። ጎመን ለረዥም ጊዜ በብዙ ውሃ ሲንተከተክ ከጥቅሙ ብዙው ይጠፋል፤ በጥቂት ውሃ ለአጭር ጊዜ ማብሰል ይሻላል። ሎሚ ቢጨመቅበት በውስጡ ያለው ብረት ለሰውነት ይስማማል፤ ቡናና ሻይ ግን ይህን ስለሚያውኩ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆዩ ይመረጣል።

ሥራውን ስለ መካፈል

ወደ ተጠቀሱት ባልና ሚስት እንመለስ ቢባል፣ በሁለተኛው ዓመት ሊያደርጉት የሚገባው ይህ ነው። ዘር ከመግዛታቸው በፊት አብረው ተቀምጠው የሥራውን ዝርዝር በዚያው በጉሊቱ ደብተር ይጻፉ፤ ማን በየትኛው ቀን ውሃ እንደሚቀዳ፣ ማን እንደሚያርም፣ እንግዳ ወይም ሕመም በመጣ ጊዜ ማን እንደሚተካ ይወስኑ። መሬት መቆፈር የሁለት ቅዳሜ ሥራ ነው፤ ውሃ መቅዳት ግን ዝናም የጠፋበት ቀን ሁሉ ሥራ ነው። የቆፈረው ሰው ጓሮውን ሠርቻለሁ ብሎ እጁን ቢያጣጥፍ ሸክሙ እኩል አልተከፈለም። ከወር በኋላም ሸክሙ ለአንዱ ከብዶ የተገኘ እንደ ሆነ አንዱን መደብ መተው አያሳፍርም፤ በደንብ የተያዘ 5 ካሬ ሜትር ከደረቀ 40 ካሬ ሜትር ይበልጣል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፣ በዚህ ዓመት ሁለት መደብ የያዙ በሚመጣው ዓመት ሦስተኛውን ሊጨምሩ ይችላሉ። ከመጀመሪያው ጎመን አንድ እስር ለባልየው እናት፣ አንድ እስር ለሚስቲቱ እናት ቢላክ ሁለቱም ቤት ደስ ይለዋል። የቀረው በራሳቸው ምድጃ ይበስላል፤ ውሃውን በየተራቸው የቀዱት ሁለቱ ሰዎችም ከአንድ ገበታ ይቀርባሉ።