የዛሬው ተረስቶ የልጅነቱ ለምን ይታወሳል?

አንዳንድ አዛውንት ልጅ ሳሉ ከብት ያገዱበትን መስክ፣ አብሮ አደጎቻቸውንም በስም እየጠሩ ሲያወጉ ይውላሉ። ዛሬ ጧት ቁርስ መብላታቸውን ግን አያስታውሱም። አንዱን ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቃሉ። በየመንደራችን «ጃጁ» ይባላሉ፤ ሲብስም «ሆን ብለው ነው» ይባልላቸዋል። ታዲያ ነገሩ እንዴት ነው? የቅርቡ ጠፍቶ የሩቁ እንዴት ይቀራል?

እ.ኤ.አ. በ1901 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ አውጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት ዶክተር አሎይስ አልዛይመር ዘንድ ቀረበች። እንደ እርሳስና ቁልፍ ያሉ ዕቃዎችን ሲያሳያት ስማቸውን በትክክል ትነግረዋለች፤ ጥቂት ቆይቶ «ምን አሳየሁሽ?» ሲላት ግን አታውቅም። በ1906 ስትሞት አንጎልዋን በማይክሮስኮፕ መረመረ። ከነርቭ ሕዋሳት ውጪ የተከማቸ ዝቃጭ፣ በሕዋሳቱ ውስጥ ደግሞ እንደ ክር የተጠላለፈ ነገር አገኘ። ዝቃጩ አሚሎይድ፣ ጥልፍልፉ ታው ከሚባሉ ፕሮቲኖች የተሠራ መሆኑ በኋላ ተደርሶበታል። በሽታውም በ1910 በሐኪሙ ስም ተጠራ።

የታው ጥልፍልፍ አንጎልን በአንድ ጊዜ አይወርረውም። ቀድሞ ከሚጎዳቸው ክፍሎች አንዱ ሂፖካምፐስ ነው። የዚህን ክፍል ሥራ በግልጽ ያሳየው ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ አሜሪካዊ ነው። በ1953 ለሚጥል በሽታ ተብሎ የሂፖካምፐሱ አብዛኛው ክፍል በግራም በቀኝም ተቆርጦ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ልጅነቱን እያስታወሰ፣ ለዓመታት የመረመረችውን ብሬንዳ ሚልነርን ግን በተገናኙ ቁጥር እንደ እንግዳ ነበር የሚያያት።

እንግዲህ ሂፖካምፐስን እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ እናስበው። ሠራተኛው ሲታመም አዲስ ደብዳቤ ወደ ፋይል አይገባም፤ በመደርደሪያው ላይ ያለው የቆየ ፋይል ግን ለጊዜው አለ። በሽታው እየገፋ ሲሄድ ግን መደርደሪያውንም ይደርስበታል። ያን ጊዜ የጥንቱ ትዝታ፣ ቋንቋም ሳይቀር ይጠፋል።

ፈዋሽ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ አሚሎይድን ይጠርጋል፤ የበሽታውንም ጉዞ በመጠኑ ያዘገያል እንጂ የጠፋውን ትዝታ አይመልስም።

እኛን ዕጩ መምህራንን ይበልጥ የሚመለከተን ሌላ ነው። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በ2024 የወጣ ሪፖርት ለአእምሮ መድከም የሚያጋልጡና ልንከላከላቸው የሚቻሉ 14 ነገሮችን ዘርዝሯል። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ሲጋራና የመስማት ችግር ይገኙበታል። በልጅነት በቂ ትምህርት አለማግኘትም አንዱ ነው። የተማረ አይታመምም ማለት አይደለም፤ በትምህርት የዳበረ አንጎል ጉዳቱን ለተወሰነ ጊዜ ይቋቋማል ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ፊደል የምናስቆጥረው ሕፃን ለእርጅናውም ስንቅ እየቋጠረ ነው።

ነገ በየወረዳው ስንመደብ «አያቴ ስሜን ረሱት» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ያን ጊዜ ሕመም መሆኑን እናስረዳው። «አሁን አልነገርኩዎትም?» ብሎ መቆጣት ለእርሳቸው ምንም አይጠቅምም፤ ጥያቄው ለእርሳቸው አዲስ ነውና። እንደ አዲስ ቢመልስላቸው ይሻላል።