ስለ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫና ስለ ሕፃናት ምግብ

የሰው ልጅ ከእናቱ ጡት ጀምሮ ጣፋጭን የሚወድ ፍጥረት ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። የእናት ወተት ቢሆን፣ የበሰለ ሙዝ ቢሆን፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች ቢሆን፣ በተፈጥሮ የሚጣፍጥ ምግብ ለሥጋ ኀይል የሚሆን ነገር በውስጡ ይዟልና። ስለዚህ ምላስ ጣዕሙን ሲቀበል ሆድ ምግብ መጣልኝ ብሎ ይጠብቃል። በኋላ ዘመን ግን ጣዕሙን ከኀይሉ ለይቶ ብቻውን የሚያቀርብ ጥበብ ተገኘ፤ ይኸውም ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ የሚባለው ነው። በወላይታ ሶዶ ገበያም ሆነ በገጠር ሱቅ ልጆች የሚገዙት የለስላሳ መጠጥ፣ በውሃ የሚበጠበጥ የጁስ ዱቄት፣ ከረሜላና ማስቲካ ይህን ማጣፈጫ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ መምህራንና ማንበብ የሚያውቁ ሽማግሎች ምንነቱን ተረድተው ለወላጆች ማስረዳት ይገባቸዋል።

አመጣጡ እንዲህ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1879 ዓ.ም. ኮንስታንቲን ፋልበርግ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ በአሜሪካ አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚወጡ ነገሮችን ይመረምር ነበር። አንድ ቀን ከሥራው ወጥቶ ማዕድ ቢቀርብ የያዘው ዳቦ ከልክ በላይ ጣፈጠው። ምክንያቱን ቢፈልግ በእጁ ላይ የቀረው ቅመም ሆኖ ተገኘ። ይህም ሳካሪን ተባለ። ከስኳር 300 እስከ 400 እጥፍ ይጣፍጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአውሮፓ ስኳር በጠፋ ጊዜ በብዙ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ በ1965 አስፓርቴም፣ በ1976 ሱክራሎዝ ተገኙ። የፊተኛው ከስኳር 200 እጥፍ፣ የኋለኛው 600 እጥፍ ያህል የሚጣፍጡ ናቸው።

ከስኳር የሚለዩበትም ነገር ይህ ነው። አንድ ግራም ስኳር ለሰውነት 4 ካሎሪ ኀይል ይሰጣል። ሳካሪን ግን በአፍ ገብቶ ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል። ሱክራሎዝም አብዛኛው እንደ ገባ ይወጣል። አስፓርቴም በሆድ ውስጥ ቢፈታም የሚጨመረው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ የሚሰጠው ኀይል ከምንም አይቈጠርም። እንግዲህ ልጁ የጠጣው ጣዕም እንጂ ምግብ አይደለም።

ይህ ነገር ለማን ተሠራ ቢሉ፣ ምግብ ተርፎት ለሚወፍር ሰውና የስኳር በሽታ ላለበት ነው። ለወላይታ ገጠር ልጅ ግን የሚያሰጋው ብዙውን ጊዜ የምግብ መትረፍ ሳይሆን የምግብ ማነስ ነው። በ2000 ዓ.ም. በልጉ በከሸፈ ጊዜ ወላይታን ጨምሮ በደቡብ አገር ብዙ ሕፃናት በምግብ እጦት ሰውነታቸው እንደ መነመነ፣ በልዩ ወተትና በለውዝ ቅባት ምግብም እንደ ተረዱ ሽማግሎች ያስታውሳሉ። እነዚያን ሕፃናት ያዳናቸው ኀይል ያለው ምግብ ነበር። ስለዚህ ኀይል የሌለውን ጣፋጭ ኀይል ለጐደለው ልጅ መግዛት ባዶ ጐተራን በቀለም ማስጌጥ ነው። ገንዘቡ ይሄዳል፤ ሆዱ ግን እንደ ባዶ ይቀራል።

ስለ ጤና የሚባለውም ሳይጋነንና ሳይቀነስ መነገር አለበት። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ እነዚህ ማጣፈጫዎች ክብደትን ለመቈጣጠር እንዳይውሉ መክሯል። በጐልማሶች ላይ በተደረገው ክትትል ለብዙ ዘመን የሚጠቀሙባቸው ሰዎች በስኳር በሽታና በልብ በሽታ ይበልጥ ሲያዙ ታይቷልና። ነገር ግን በሽታውን ያመጣው ራሱ ማጣፈጫው እንደ ሆነ ገና አልተረጋገጠም። በልጆች ላይ የተደረገውም ምርመራ ጥቂት ነው። በዚያው ዓመት የካንሰር መርማሪዎች አስፓርቴምን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ተርታ አስገቡት። የምግብ ቅመም መርማሪዎች ግን የቀድሞውን ልክ አልለወጡም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግም ለጨቅላዎችና ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት በሚዘጋጅ ምግብ ውስጥ ማጣፈጫ እንዳይገባ ይከለክላል።

ልኩ የሚቈጠረው በሰውነት ክብደት ነው። ለአስፓርቴም በቀን በኪሎ 40 ሚሊ ግራም፣ ለሳካሪን 5 ሚሊ ግራም ተወስኗል። እንግዲህ 60 ኪሎ የሚመዝን ጐልማሳ የሳካሪን ልኩ 300 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ 20 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ ልኩ 100 ብቻ ነው። አባትና ልጅ እኩል ቢጠጡ ለልጁ የሚደርሰው በሦስት እጥፍ ይከብዳል። ይህን ሒሳብ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ለተማሪዎች ሊያስቈጥር ይችላል።

አስፓርቴም ፈጽሞ የማይስማማቸው ልጆችም አሉ። ፊኒልኬቶኑሪያ የሚባል፣ ከልደት ጀምሮ የሚመጣ በሽታ ያለባቸው ናቸው፤ ፊኒልአላኒን የተባለው ነገር በደማቸው ተከማችቶ አእምሮን ይጐዳልና። የስኳር በሽታ ያለበት ልጅ ግን በሐኪም ምክር ማጣፈጫውን በልክ ቢጠቀም አይነቀፍም።

ይህ ሲባል ስኳር ይወደሳል ማለት አይደለም። አንድ ጠርሙስ የለስላሳ መጠጥ 30 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል፤ ይህም ወደ 8 የሻይ ማንኪያ ይጠጋል። በአፍ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ስኳሩን ወደ አሲድ እየለወጡ ጥርስን ያበሰብሳሉ። ማጣፈጫው ይህን ባያደርግም የለስላሳው መጠጥ ራሱ አሲድ ስላለበት የጥርስን ልባስ ይበላል።

እንግዲህ ለልጅ ምን ይሰጠው ቢሉ፣ መልሱ በጓሮ ነው። ወላይታ የስኳር ድንች፣ የጎደሬ፣ የእንሰት፣ የቦሎቄ፣ የሙዝ፣ የማንጎና የአቮካዶ አገር ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ስኳር ድንች ወደ 90 ካሎሪ ይሰጣል። ውስጡ ብርቱካንማ የሆነው ዓይነት ደግሞ ለዓይንና ለሰውነት መከላከያ የሚረዳ ቪታሚን ኤ ስላለበት፣ አንዲት መካከለኛ ሥር የአንድ ሕፃን የቀን ድርሻ ትሆናለች። ቆጮ ሆድን ቢያጠግብም ገንቢ ነገሩ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ከወተት፣ ከቦሎቄና ከቅጠላ ቅጠል ጋራ ቢበላ ይበጃል። የተፈጥሮ ማርም ቢሆን አንድ ዓመት ላልሞላው ጨቅላ አይሰጥም፤ በማር ውስጥ የሚገኝ ተሕዋስ ጨቅላን ሊመርዝ ይችላልና።

ለመምህራንና ለሽማግሎች የሚገባው ሥራ ይህ ነው።

1ኛ፤ በዕቃው ላይ ያለውን ጽሕፈት ማንበብ። የማጣፈጫው ስም ባይጻፍ እንኳ ቁጥሩ ይጻፋል። በላቲኑ ኢ ፊደል አጠገብ 950 ቢገኝ አሲሰልፌም፣ 951 አስፓርቴም፣ 952 ሳይክላሜት፣ 954 ሳካሪን፣ 955 ሱክራሎዝ ነው።

2ኛ፤ ጽሕፈት የሌለበትን ወይም ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ አለመግዛት፣ ሲሸጥም ቢታይ ለጤና ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ።

3ኛ፤ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በገንዘብ ፈንታ የተቀቀለ ስኳር ድንች ወይም ቆሎ፣ ለመጠጥም የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ እንዲያዝ ወላጆችን መምከር።

4ኛ፤ እየከሳ የሚሄድን ወይም ሁልጊዜ የሚጠማውንና ሽንት የሚያበዛውን ልጅ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ፤ የፊተኛው የምግብ ማነስ፣ የኋለኛው የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላልና።

ልጅ ለምላሱ የሚጣፍጠውን ይመርጣል፤ ለሥጋው የሚበጀውን ግን ገና አያውቅም። ይህን ለይቶ መምረጥ የወላጅ ፈንታ ነው፤ ወላጅም እንዲመርጥ ማስረዳት ማንበብ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ግዴታ ነው።