ክሪስታሉን የሚሸከመው ሽቦ

በእጅ የተሠራ የክሪስታል እቅፍ አበባ ያየ ሰው የሚያደንቀው ብልጭታውን ነው። ሙሽራዋ ቀኑን ሙሉ ይዛው ስትውል፣ ለሚዜዋ ስታቀብልና መልሳ ስትቀበል፣ መኪና ውስጥ ጭኗ ላይ ስታሳርፈው የሚፈተነው ግን ሽቦው ነው። ትኩስ ጽጌረዳ የራሱ ግንድ አለው። የመስታወት ዶቃን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ሽቦ ብቻ ነው፤ ሽቦው ከላላ አበባው አንገቱን ይደፋል፣ ከደረቀ ደግሞ ሲጠመዘዝ ይሰበራል።

ክብደቱ ቀላል አይደለም። ዲያሜትሩ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ የመስታወት ዶቃ 0.65 ግራም ገደማ ይመዝናል። እንዲህ ያለ 300 ዶቃ የገባበት እቅፍ ሽቦው፣ ቴፑና ሪባኑ ሳይቆጠሩ ወደ 200 ግራም ይጠጋል። የእርሳስ ኦክሳይድ ያለበት ክሪስታል ደግሞ ከተራው መስታወት ይብሳል። በሌላ በኩል የዶቃው ዲያሜትር በግማሽ ሲቀንስ ክብደቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ትልልቁን ወደ መሃል ሰብስቦ ጫፍ ጫፉን ባለ 4 ሚሊ ሜትር ማድረግ የሽቦውን ሸክም በእጅጉ ያቀልላል።

የዶቃ አበባ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቬኒስ ኢምፒራሬሴ የሚባሉ ሴቶች ጥቃቅን ዶቃ በክር እየሰኩ ይተዳደሩ ነበር። በፈረንሳይም ከዶቃና ከሽቦ የተሠራ የአበባ ጉንጉን በመቃብር ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ፀሐይ አያጠወልገውምና። እ.ኤ.አ. በ1892 ዳንኤል ስዋሮቭስኪ ክሪስታል መቁረጫ ማሽኑን በፓተንት አስመዘገበ፤ በ1895 ደግሞ ኦስትሪያ ውስጥ ቫተንስ በምትባል ቦታ ሥራውን ጀመረ። እኩል የተቆረጠ ክሪስታል በብዛት መገኘት የቻለው በእንዲህ ያለ ማሽን ነው። ይሁን እንጂ የተቆረጠ ክሪስታል የቀዳዳው አፍ ስለታም ሊሆን ይችላል፤ ክር ይገዘግዛል። ለዚህ ሥራ ሽቦ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ምርጫው የሚጀምረው ከቀዳዳው ነው። ብዙውን ጊዜ ሽቦው በአንድ ዶቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ስለሚያልፍ የሽቦው ውፍረት ከቀዳዳው ግማሽ ማነስ አለበት። ቀዳዳው 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ 0.4 ሚሊ ሜትር ሽቦ ያለ ችግር ይመላለሳል። ለ0.8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ 0.3 ይሻላል። በግድ የተገፋ ሽቦ ዶቃውን ይሰነጥቀዋል።

ገበያ ላይ ግን ሽቦ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በሚሊ ሜትር ሳይሆን በጌጅ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ወደ ኋላ ይቆጥራል። በአሜሪካው መለኪያ 20 ቁጥር 0.81 ሚሊ ሜትር፣ 24 ቁጥር 0.51፣ 26 ቁጥር 0.40፣ 28 ቁጥር 0.32 ሚሊ ሜትር ነው። ልማዱ የመጣው ከሽቦ አሠራሩ ነው፦ ብረቱ እየጠበቡ በሚሄዱ ቀዳዳዎች ደጋግሞ በተሳበ ቁጥር እየቀጠነ ይሄዳል። የእንግሊዞቹ መለኪያ ሌላ ነው፤ የእነሱ 20 ቁጥር 0.91፣ 26 ቁጥር 0.46 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ቁጥሩን ብቻ አምኖ የገዛ ሰው በቀዳዳው የማያልፍ ጥቅል ይዞ ሊመለስ ስለሚችል ሚሊ ሜትሩን መጠየቅ ይበጃል።

ውፍረት ጥንካሬን የሚለውጠው ከሚጠበቀው በላይ ነው። ከአንድ ዓይነት ብረት የተሠራ ሽቦ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ 16 እጥፍ ያድጋል። ለዚህ ነው አንድ ጥቅል ለሁሉም የማይበቃው፦ ዶቃውን ለመስካት ከ0.3 እስከ 0.4፣ ለቅጠሉ አጽም ከ0.5 እስከ 0.6፣ ለግንዱ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው።

ከብረቶቹ መዳብ ለጀማሪ ይስማማል፤ በጣት ይታዘዛል። ነገር ግን ሲታጠፍና ሲቃና እየጠነከረ ሄዶ በመጨረሻ ይሰበራል፤ ስለዚህ አንዴ የተጠመዘዘውን ፈትቶ ደግሞ መጠምዘዝ አይመከርም። ናስ ከመዳብ ይልቅ ቅርጹን ይጠብቃል፤ ጣትን ግን ያደክማል። አሉሚኒየም ክብደቱ ከመዳብ አንድ ሦስተኛ ያህል ስለሆነ ለወፍራም ግንድ ይጠቅማል፤ ለቀጭን ሥራ ግን ቶሎ ይላላል። ተራ የብረት ሽቦ ጠንካራና ርካሽ ቢሆንም እርጥበት ያዝገዋል፤ ነጭ ቀሚስ ላይ የዝገት እድፍ ማየት የምትፈልግ ሙሽራ የለችም።

ቀለሙም ይታሰብበታል። ነጭ ክሪስታል ውስጡን ስለሚያሳይ እርቃኑን የገባ መዳብ ዶቃውን ያቀላዋል፤ ብርማ ሽቦ ግን ከብርሃኑ ጋር ተመሳስሎ ይሰወራል። ብር የተቀባ መዳብ የመዳብን ታዛዥነት ከብርማው መልክ ጋር ያጣምራል፤ ቅቡ ግን ስስ ስለሆነ ጥርስ ያለው ፒንሳ ይፍቀዋል። የፒንሳውን አፍ በፕላስተር መሸፈን ወይም በጣት መጠምዘዝ ይህን ያስቀራል።

ለልምምድ ውድ ሽቦ አያስፈልግም። የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ሞተር በአዲስ ሽቦ የሚጠመጥሙ ባለሙያዎች የሚሠሩበት ቫርኒሽ የተቀባ መዳብ ለስላሳ ነው፤ በተለያየ ውፍረትም ይመረታል። ቡናማ ቀለሙ ለነጭ ክሪስታል አይሆንም፤ ለማር መልክና ለወርቃማ ዶቃ ግን ያምርበታል።

ሲጠመዘዝ የሚዞረው ዶቃው ነው፦ ሁለቱን የሽቦ ጫፎች ከሥር አጥብቆ ይዞ ዶቃውን ማዞር ጥምዝዙን እኩል ያደርገዋል። የተቆረጠ ጫፍ ወደ ውስጥ ካልታጠፈ ዳንቴል ይይዛል፣ ቱል ይቀድዳል። ከዚያ የአበባ ቴፕ ይጠቀለላል፤ ይህ ሰም የተነከረ ወረቀት የሚጣበቀው ሲለጠጥ ስለሆነ ሳይስቡ የጠቀለሉት ይፈታል። ሪባኑ በላዩ ይለብሳል። ኒኬል ቆዳዋን የሚያሳክካት ሙሽራ ከሆነች ኒኬል የተቀባ ሽቦ መያዣው ላይ ባይገባ ይመረጣል።

ሙሉ ጥቅል ከመግዛት በፊት በአንድ ሜትር ሽቦ አንድ አበባ ሠርቶ መሞከር ብዙ ወጪ ያድናል። ግንዱን አግድም ይዞ ማወዛወዝ ይበቃል፦ ጫፉ ካዘቀዘቀ ግንዱን ማወፈር ወይም ሁለት ሽቦ አጣምሮ መጠምዘዝ፣ ዶቃዎቹ ከተንሿሹ ጥምዝዙን ማጥበቅ፣ ሽቦው ከዶቃው ሥር ከተሰበረ ደግሞ የጥምዝዙን ዙር መቀነስ ያስፈልጋል።